ሃምሳኛው ፊርማ

«ንዳው እንጂ!» አለ ጠመኔ፣ ለአራተኛ ጊዜ።

«እየነዳሁት ነው፣ ክቡር እንደራሴ። ከዚህ በላይ ከነዳሁት ጂፑ ብቻውን ይገባል፤ እኛ እዚሁ ቁልቁለቱ ላይ ተዘርግፈን እንቀራለን» አለ ሾፌሩ።

ሌላ ቀን ቢሆን ቀልዱ ያስቀው ነበር። ዛሬ ግን የጠመኔ ፊት የሚቀለድበት ፊት አልነበረም። ጂፑ አቧራውን እያቦነነ ጠመዝማዛውን ሲወርድ፣ በአንድ እጁ ባርኔጣውን፣ በሌላው የደረት ኪሱን ይዞ፣ ከንፈሩን ነክሶ ቁልቁል ከተማዋን ያያል። ኪሱ ውስጥ ጠዋት ክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት የደረሰችው ቴሌግራም አለች። ብዙም አታወራም። «አስተማሪዋ ለምርጫ ቀርባለች። ሃምሳ ፊርማ አስገብታለች። መዝገብ ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ይዘጋል።» በቃ፣ ይኸው ነው። የላከው የከተማው ወኪሉ ሰላምታ እንኳ አልጨመረባትም።

ጠመኔ ማለት፣ ለማያውቀው ሰው፣ የዚያች ከተማ የሕዝብ እንደራሴ ነው። ሦስት ምርጫ፣ አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ተወዳዳሪ የሚባል ነገር ዓይኑ ሳያይ እየተመረጠ ምክር ቤት ተቀምጧል። ከዚያ በፊት አስራ ሰባት ዓመት የስድስተኛ ክፍል አስተማሪ ነበር። ቅጽል ስሙም ከዚያው የመጣ ነው፤ የኮቱ እጅጌ ላይ የጠመኔ ብናኝ ጠፍቶ አያውቅም ነበርና። አሁን ኮቱ ሱፍ ነው፣ የኪስ ሰዓቱ የብር ሰንሰለት አላት፣ ሰው ሁሉ በፊቱ «ክቡር እንደራሴ» ይለዋል፤ ዞር ሲል ግን ያው ጠመኔ ነው። አመሉም አልለቀቀውም። ቢሮው የሚመጣለትን አቤቱታ ሁሉ በቀይ እርሳስ እያረመ ከአስር ነጥብ ይሰጥበታል። «አራት ከአስር። ሐሳቡ ተበታትኗል» ተብሎ አቤቱታው የተመለሰለት የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ሳይቀር አለ።

እና እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ጠመኔን ያንገበገበው መሸነፍ ብቻ አልነበረም። መሸነፉን ገና አላሰበውም። አንጀቱን ያሳረረችው በቴሌግራሙ ላይ ያለችው አንዲት ቃል ናት፤ «አስተማሪዋ»። ወኪሉ የቱ ክፍል፣ ማን ትባላለች ብሎ አልተጨነቀም። አስተማሪ ከተባለ ሁሉም ሰው ማን እንደሆነች ያውቃል ማለት ነው። በዚያች ከተማ ደግሞ አስተማሪ ማለት እሱ ነበር እኮ! «አስተማሪው መጡ» ሲባል መንገደኛው ሲጋራውን ከጀርባው የሚደብቀው ለእሱ ነበር። ቄጠማ የምታህል ልጅ መጥታ ይህን ስም እንዲሁ በባዶ እጇ ወሰደችው?

ጂፑ ድልድዩን ተሻግሮ ዋናው መንገድ ላይ ሲወጣ «ትምህርት ቤቱ ጋ አቁም» አለ።

«ሰዓት የለንም አላሉም እንዴ?»

«አቁም አልኩህ!»

ሰዓቱን አወጣ። ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ባርኔጣውን ጂፑ ውስጥ ትቶ በአጥሩ በኩል ዞረና ወደ ድሮ ክፍሉ መስኮት በጫማው ጫፍ እየረገጠ ተጠጋ። አንድ የሕዝብ እንደራሴ በመስኮት ስር አጎንብሶ ሲሄድ ያየው ሰው ምን ይል ነበር? እግዜር ሲያወጣው ማንም አላየውም።

መጀመሪያ ዓይኑ የፈለገው መድረኩን ነበር። መድረኩ የለም። አናጢውን ሳምንት ሙሉ ቆሞ እያየ ያሠራት፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ የምትል የሳንቃ መድረክ፣ ያቺ አስራ ሰባት ዓመት የቆመባት መድረክ፣ ፈርሳ ግድግዳው ላይ የመጻሕፍት መደርደሪያ ሆናለች። ሳንቃዎቹን ጫማው በበላቸው ቦታ ለያቸው። ዴስኮቹም እንደ ድሮው በረድፍ አይደሉም፤ ክብ ሠርተዋል። ክቡ መሃል፣ ተማሪዎቹ መካከል፣ እንደ ተማሪ ተቀምጣ አንድ ልጅ የሚያነበውን የምትሰማው እሷ ናት። ልጁ አንድ ነገር አለ፤ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። እሷም ሳቀች።

ደግሞ ይስቃሉ! በእሱ ጊዜ በዚያ ክፍል ሳቅ በፈቃድ ነበር።

ይህች ልጅ እሱ ክፍል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ዓመቱን ሙሉ እጇን አንድ ቀን ያላወጣች ልጅ ናት። «ጭምቷ» ብሎ ስም ያወጣላትም ራሱ ነው። እና ዛሬ ምርጫው ደርሶ፣ መዝገብ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀረው፣ እሱ ከክፍለ ሀገሩ ከተማ ድረስ አቧራ ሲቅም ሲመጣ፣ እሷ ላይ ታች አትል፣ ሰው አታሰባስብ፣ ቁጭ ብላ ታስተምራለች! እንደ ተራ ቀን! ጠመኔ ቆሽቱ እርር አለ።

ቀና ስትል አየችው።

«ውይ፣ ጋሼ!» ብላ ብድግ አለች። «ልጆች፣ ተነሱ! ይኸ ክፍል የእሳቸው ነበር። እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

ልጆቹ ተነሥተው በአንድ ድምፅ ሰላም አሉት። ጠመኔ ጥጋብ ጠብቆ፣ ለጥጋቡ የሚሆን መልስ መንገድ ሙሉ ሲያዘጋጅ ነበር የመጣው። አክብሮቷ ያንን ሁሉ መልስ ከእጁ አስጣለው። ወደ ውጭ እንድትወጣ በጣቱ ምልክት ሰጣት። ስትወጣ የክፍሉን መዝገብ አቅፋ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ልነግርዎ ሦስቴ ቢሮዎ መጣሁ። አንዴ ስብሰባ ላይ ናቸው አሉኝ፣ አንዴ ጉብኝት፣ አንዴ ደግሞ ዕረፍት።»

«ደብዳቤ አይጻፍም?»

«ጻፍኩ እንጂ፣ ጋሼ።» መዝገቧን ገለጥ አድርጋ ሁለት የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የጣሪያው ጉዳይ ነው፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚያፈሰው የስድስተኛ ክፍል ጣሪያ። በመጀመሪያው ራስጌ ላይ በቀይ «ስድስት ከአስር። አሳጥረሽ ጻፊ» ይላል። የራሱ እጅ ነው። «አሳጥሬ ጻፍኩ። ሁለተኛው ላይ ዘጠኝ ሰጡኝ፤ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ጣሪያው ግን ያው እንደሚያፈስ ነው።»

ጠመኔ ወረቀቱን አይቶ ምንም አላስታወሰም። በዓመት ስንቱን ያርማል።

«ቢሆንስ? አንቺን ፖለቲካ ውስጥ ምን ዶለሽ? እነዚህን ልጆች ጥለሽ ልትሄጂ?»

«እርስዎስ ጥለውን ሄደው የለ እንዴ፣ ጋሼ» አለችው።

በተንኮል አላለችውም። እንዲያው እውነት ስለሆነ ነው ያለችው፤ ያ ነው የባሰበት። ጠመኔ ጥርሱን ነክሶ ዘወር አለና ሳይሰናበታት ወደ ጂፑ ሄደ። አጥሩ ጋ ሲደርስ ክፍሉ እንደገና ሲስቅ ሰማ። በእሱ የሳቁ መስሎት ጆሮው ጋለ። በእሱ አልነበረም፤ እሱ ግን ያንን በምን ይወቅ?

የምርጫ መዝገቡ ያለው ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ፣ ባለ አንድ መስኮት ክፍል ውስጥ ነው። መዝጋቢው ቀጭን ሰውዬ ነው፤ የሸሚዙ እጅጌ ቀለም እንዳይነካው ከክንዱ እስከ አንጓው ጥቁር ጨርቅ ያጠልቃል። ከሌላ አገር ተዛውሮ ከመጣ ስድስት ወሩ ስለሆነ በከተማዋ ከፖስታ ቤቱ፣ ከዳቦ ቤቱና ከልብስ ሰፊዋ በስተቀር ብዙ ሰው አያውቅም። ጠመኔን ሲያይ ወንበሩን አስጮኾ ተነሣ።

«ክቡርነትዎ! እኔ እኮ ቢጠሩኝ እመጣ ነበር...»

«ተቀመጥ። የአስተማሪ... የዚያች ሴትዮ ፊርማ ላይ ጥርጣሬ አለኝ።»

«አስተማሪዋ» ብሎ በገዛ አፉ ሊጠራት ነበር! መዝጋቢው አላስተዋለም። የደንቡን መጽሐፍ ሳብ አድርጎ ጣቱን እያራሰ ገለጠ። «ጥርጣሬ፣ ጥርጣሬ... ይኸውና። አንቀጽ አስራ ዘጠኝ። በፊርማ ላይ ጥርጣሬ ሲነሣ፣ የፈራሚዎቹን የእጅ ጽሑፍ የሚያውቅ፣ በከተማው የታወቀ ሰው አይቶ ይመስክር። ተፎካካሪ አይሁን ግን አይልም። እኔ ደግሞ ለዚህች ከተማ እንግዳ ነኝ። እና ከክቡርነትዎ በላይ የሚያውቅ ሰው ከየት አመጣለሁ? ይቺን ከተማ ብዕር ያስጨበጡት እርስዎ ነዎት ይባላል።»

«ይባላል አይደለም፤ ነው» አለ ጠመኔ።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ደንቡ የሚጠይቀው ሃምሳ ፊርማ ነው፤ ያስገባችውም ሃምሳ ነው፤ አንዲት ትርፍ የላትም። አንዷን ፊርማ «ይቺ የእሱ አይደለችም» ብሎ ከጣለ ሁሉም አብሮ ይወድቃል። ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ብታለቅስም የሚሰማት የለም። ጠመኔ መነጽሩን አደረገ፤ ቀይ እርሳሱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጫፉን በጥፍሩ ሞከረው፤ ወረቀቱን ሳበ።

እና፣ ጉድ በሉ፣ የመጀመሪያውን ፊርማ ሲያይ ፈገግ አለ።

ጠመኔ ተማሪዎቹን ፊርማ የሚያስተምርበት መንገድ ነበረው። ስምህን ሙሉ ጽፈህ የመጨረሻውን ፊደል እግር ወደ ታች ታወርድና፣ ከስሙ ስር ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ ትመልሰዋለህ፤ እንደ ጭራ። ጫፉ ላይ አንዲት ነጥብ። ይህን ያላወቀ ልጅ ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም ነበር። የከተማው ሰው ስለዚህ ዛሬም ሲፈርም ጭራ ያበጃል። ሃምሳ ጭራ ወረቀቱ ላይ ተደርድሮ ሲያይ፣ የራሱን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከነነፍሱ ያየ መሰለው።

የዳቦ ጋጋሪው፤ ሁልጊዜ እርሳሱን ተጭኖ ወረቀት የሚቀድ። ዛሬም ሊቀድ ምንም አልቀረው። የነርሷ፤ ከክፍሉ ሁሉ ያማረች ጭራ። የአናጢው፤ ነጥቧን ሁልጊዜ ይረሳት ነበር፣ አሁን ግን አልረሳትም፣ ጎሽ! የመንታዎቹ፤ አንዱ ለሁለቱም ይፈርም ነበር፣ ለያይቶ ደጅ አስቁሟቸው ነው የለመዱት። የዳኛው፤ ዳኛ ሲሆን ፊርማውን ያወሳስበዋል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ አላወሳሰበውም። ጠመኔ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ አንዳንዴ «እህ» እያለ፣ አንዳንዴ በአፍንጫው እየሳቀ ወረደ። ደስታው ግን ሁለት መስመር አይቆይም። ወዲያው ቅናቱ ይነሣበታል። ይኸ ሁሉ የእኔ ልጅ አይደለም እንዴ? በገዛ ጭራዬ ለእሷ ይፈርማል? ለእኔ መቼ እንዲህ ተሰልፎ ፈረመ? እሱ ተወዳዳሪ ኖሮበት ስለማያውቅ ፊርማ ማሰባሰብ አስፈልጎት እንደማያውቅ እንኳ አላስታወሰም።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ክቡርነትዎ» አለ መዝጋቢው ከትከሻው በላይ አንገቱን አስግጎ። «ሥራዬን አቀለሉልኝ። እኔ ይኸ ነገር ጠብ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር።»

«ምኑን?»

«አርባ ዘጠኙን አጸደቁት እኮ።»

ጠመኔ ወረቀቱን አየ። ከእያንዳንዱ ፊርማ ጎን ቀይ የትክክል ምልክት አለ። አርባ ዘጠኝ ምልክት፣ ሁሉም በአንድ ልክ፣ ሁሉም በራሱ እጅ። አፉ ክፍት ቀረ። ሊጥል መጥቶ ሲያርም ቆይቷል! ማን ያምነዋል? አስራ ሰባት ዓመት ትክክል ባየ ቁጥር ምልክት ስታደርግ የኖረች እጅ፣ እሱን ሳትጠይቅ ሥራዋን ስትሠራ ቆይታለች። ማጥፋትም አይቻልም፤ ቀይ እርሳስ ሲፈቀፈቅ ይብስበታል፣ ይህንንም ለልጆቹ ያስተማረው ራሱ ነው።

አንዷ ቀርታለች። ሃምሳኛዋ። «በዚችኛዋ ነፍሴ ትተርፋለች» አለ በልቡና ጣቱን አወረደ።

የሚስቱ ፊርማ ነበር።

ጠመኔ መነጽሩን አወለቀ፣ በመሀረቡ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። አልተለወጠም። የሚስቱ ስም ነው፤ ፊደሎቹ ትልልቅ፣ የተለያዩ፣ አንዱ አንዱን ሳይነካ። ጭራው ደግሞ ተገልብጧል። የሁሉም ጭራ ወደ ግራ ሲመለስ የእሷ ወደ ቀኝ ይሄዳል።

ለምን እንደተገለበጠ በዓለም ላይ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት፣ ማድ ቤት ጠረጴዛው ላይ፣ ማታ ማታ መጻፍ ያስተምራት ነበር። ግራኝ ናት። በዚያ ዘመን ክፍል ውስጥ በግራ የሚጽፍ ልጅ ሲያገኝ ጠመኔ እጁን በመሀረብ ከዴስኩ ጋር ያስር ነበር፤ ደንቡ ነው። የእሷን እጅ ግን ሊያስር መሀረቡን አውጥቶ፣ ጣቶቿን አይቶ፣ መሀረቡን መልሶ ኪሱ ከተተ። «ጻፊ፣ በፈለግሽው ጻፊ። ለሰው ግን እንዳትነግሪ» አላት። ለማንም አልነገረችም። በሕይወቱ ደንብ የጣሰው ያን ቀን ብቻ ነው፤ በፍቅር ነው የጣሰው።

አሁን ግን ፍቅር የሚባል ነገር ትዝ አላለውም። ዓይኑ ደም ለበሰ። ጭምቷ ቤቱ ድረስ ገብታለች ማለት ነው! እሱ በሌለበት፣ በእሱ ወንበር ተቀምጣ፣ በእሱ ስኒ ሻይ ጠጥታ ይሆናል። ስንት ጊዜ? ሚስቱስ ሳቀችላት? ምን አወሩ? ስለእሱስ ምን ተባባሉ? ወንድ ቢሆን ባልቀና ነበር፤ ወንድ ቢሆን የሚያደርገውን ያውቃል። መድረኬን ወሰደች፣ ልጆቼን ወሰደች፣ ስሜን ወሰደች፤ አሁን ደግሞ ማድ ቤቴ ገባች አለ።

«ይቺ የእሷ አይደለችም» አለ።

«ይቅርታ?» አለ መዝጋቢው።

«ይቺ የባለቤቴ ፊርማ አይደለችም። ጭራውን ተመልከት፤ ተገልብጧል። አርባ ዘጠኙ ሁሉ ወደ ግራ ነው። ጭራ ያላስተማርኩት ሰው አስመስሎ የጻፈው ነው።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ዋሸ። የከፋው ደግሞ ውሸቱ የሚያምር ውሸት መሆኑ ነው፤ ማስረጃ አለው፣ ማንም አይቶ ያምነዋል። ቀይ እርሳሱንም ከፊርማው ጎን አስጠግቶ የስህተት ምልክቱን አሰመረ። አንዱን መስመር በቀላሉ፣ ሁለተኛውን ግን እጁ እምቢ ብላው፣ አጠማዘዛት።

መዝጋቢው ሁለቱን ምልክት ተራ በተራ አየ። ፈሪ ሰው ነው፤ ግን ፈሪ ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረገ፤ ደንቡን ሳበ። «አርባ ዘጠኝ... እንግዲህ ወድቃለች ማለት ነው። ቆይ ግን፣ ቆይ። አንቀጽ አስራ ዘጠኝ ሁለተኛ ገጽ አለው። ምስክሩ የካደው ፊርማ ሲኖር፣ ፈራሚው በከተማው ከተገኘ፣ መዝገብ ሳይዘጋ ተጠርቶ በመዝጋቢው ፊት ደግሞ ይፈርም።» ቀና አለ። «ባለቤትዎ ከተማ ውስጥ ናቸው?»

ጠመኔ ሁለተኛ ገጽ እንዳለው አላወቀም ነበር። ሕጉ በምክር ቤት ሲጸድቅ እጁን አውጥቷል፤ አንብቦት ግን አያውቅም።

«ሥራ አለባት» አለ።

«ከዚህ ሁለት መንገድ ነው ቤትዎ፣ አይደል? የትምህርት ቤት ልብስ የሚሰፉት? የኔንም ሱሪ አስረዝመውልኛል። ዘበኛ!»

ዘበኛው ሄደ። አስር ተኩል። ጠመኔ የሰዓቱን ሰንሰለት በጣቱ ይጠመጥማል፣ ይፈታል። አትመጣም እያለ ይመኛል፤ ጨርቅ ቆርጣ፣ ስፌት ላይ ተቀምጣ፣ «ቆይ ትንሽ ልጨርስ» እንደምትል ያውቃታል። አስራ አንድ ሰዓት ከሆነ አለቀ። ደግሞ፣ እዚያው ላይ፣ ብትመጣስ ብሎ የሚጠብቅ ሌላ ሆድ አለው። አይ ሰው!

መጣች። ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ደረቷ ላይ ሦስት መርፌ ሰክታ፣ ቀሚሷ ላይ ሰማያዊ ክር ተለጥፎባት።

«መጣህ እንዴ? ቤት እንኳ ሳትገባ?» አለችው ፊቷ በርቶ።

መዝጋቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይኸ ፊርማ... ክቡር እንደራሴ የእርስዎ አይደለም ብለው መስክረዋል።»

ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። ቀዩን ምልክት አየች። ምልክቱ ደግሞ በሌላ ሰው እጅ የተሠራ ሊሆን እንደማይችል ከማንም በላይ ታውቃለች። ፊቷ ላይ የበራው ቀስ እያለ ጠፋ።

«እሳቸው ናቸው እንዲህ ያሉት?» አለች መዝጋቢውን። በሃያ ስምንት ዓመት ትዳር እሳቸው ብላው አታውቅም።

«አዎ፣ እትዬ። ጭራው ስለተገለበጠ...»

«ገባኝ። የት ላይ ልፈርም?»

መዝጋቢው አዲስ ወረቀት ዘረጋ፣ የብዕሩን ጫፍ ቀለም አጥቅሶ አቀበላት። ብዕሩን በቀኝ እጇ ተቀበለችና፣ ባሏን ሳታይ፣ ወደ ግራ እጇ አዛወረችው። ለሰው እንዳትነግሪ ከተባለች ወዲህ በሰው ፊት በግራ እጇ ስትጽፍ ይኸ የመጀመሪያዋ ነው። ተጎንብሳ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጫፍ አውጥታ፣ ፊደል በፊደል፣ እንደዚያ ዘመን እንደ ማድ ቤቱ ጻፈች። የመጨረሻውን እግር አወረደች። ጭራውን ወደ ቀኝ ሳበች። ነጥቧን አስቀመጠች።

«ግራኝ ነዎት!» አለ መዝጋቢው እጁን አፉ ላይ ጭኖ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ጠመኔ ሄደ፤ ሄዶም ቶሎ ወደ መሬት ተመለሰ።

እሷ ወረቀቱን አንሥታ ቀለሙን እፍ እፍ አለችበትና ባሏ ፊት አስቀመጠችው።

«ይታረምልኝ» አለችው።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይቆጥራል። አስራ አንድ ሊሆን አስር ደቂቃ። «አይደለችም» ቢል መዝጋቢው ምን ያደርጋል? ምናልባት ይፈራል፤ ምናልባት ማኅተሙን አይመታም። አንዲት ቃል ናት። ጠመኔ ቃሏን በአፉ ውስጥ ያዛት። ቅናቱ አልለቀቀውም፤ እዚያው ደረቱ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ ለእሷ ነው የፈረመችው፣ ለጭምቷ ነው ይለዋል። ዓይኑ ግን ፊደሎቹ ላይ ነው። አንድም የተሳሳተ የለም።

እጁ ሄደች። ቀዩን የትክክል ምልክት አደረገች።

መዝጋቢው ማኅተሙን ሐምራዊ ቀለም ላይ ተጭኖ ሁለቴ መታ። «ተመዝግባለች» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለጠረጴዛው።

ውጭ ሾፌሩ በሩን ከፍቶ «ወዴት ልንዳ፣ ክቡር እንደራሴ?» ሲል ጠመኔ ባርኔጣውን ከጂፑ አንሥቶ አለፈው። ሚስቱ በእግሯ ቀድማ ሄዳለች፤ ተከተላት። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ደረሰባት።

«እንዴት ለእሷ ትፈርሚያለሽ? ከሰው ሁሉ አንቺ?»

«መጥታ ጠየቀችኛ።»

«በቃ? ስለጠየቀችሽ?»

ቆም አለች። «መጻፍ ካስተማርከኝ ሃያ ስምንት ዓመት ሆነኝ። የቤቱን ወረቀት አንተ ፈረምክ። የስፌት መኪናዋን ስንገዛ አንተ ፈረምክ። የእናቴን መቃብር ደረሰኝ እንኳ አንተ ነህ የፈረምከው። አንድም ሰው ፊርማሽን ስጪኝ ብሎኝ አያውቅም። ያቺ ልጅ በሩ ላይ ቆማ ብዕር ዘርግታ፣ ይፈርሙልኝ ስትለኝ፣ ወረቀቱን ይዤ ማድ ቤት ሮጬ ገብቼ፣ ለብቻዬ ነው የፈረምኩት። ከደስታ ነው እሺ? አንተ ላይ አልነበረም። ስለ አንተም አላሰብኩም።»

ስለ እሱ አለማሰቧ ከሁሉም ይልቅ ወጋው። ትንሽ ሄዱ።

«ድምፅሽስ?» አላት፤ ራሱም እንዳይሰማው ቀስ ብሎ። «ምርጫው ቀን... ለማን ነው የምትሰጪው?»

«ድምፅ ሚስጥር ነው ብለህ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ?»

ቤታቸው በር ላይ ደረሱ። ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ከፈተች፤ ከመግባቷ በፊት ግን ያንን የመጀመሪያውን ወረቀት፣ የተጠማዘዘች የስህተት ምልክት ያለበትን፣ ያሰበች መሰለች።

«ከአስር ስንት እንዳገኘሁ ሳትጽፍልኝ ተውከው» አለችው።

«ስንት ልስጥሽ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች፣ በሩን ለእሱም ክፍት ትታለት እየገባች፤ «አስተማሪው አንተ ነህ።»

ቀኑን ሙሉ በአቧራ ውስጥ ሲያሳድዳት የዋላት ቃል ናት። ጠመኔ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ ፊርማዋን በካደበት ቀን በዚያ በር ቀና ብሎ ሊገባ አቃተው።